ያሬድና የገበሬው ዓመት

ያሬድ በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም የኖረ የዜማ ሊቅ ነው። በሕፃንነቱ አጎቱ ጌዴዎን መዝሙረ ዳዊት ያስተምረው ነበር። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው ስላለ ተገረፈ፤ ሸሽቶም ሄደ። በዛፍ ጥላ ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሊወጣ ሲሞክር 6 ጊዜ ወደቀ፤ በ7ኛው ግን ወጥቶ ፍሬውን በላ ይባላል። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ተምሮም ዲያቆን ሆነ።

በንጉሡ በገብረ መስቀል ዘመንም ግዕዝ፥ ዕዝልና አራራይ በሚባሉ በ3 ስልቶች አዜመ። ድጓ የሚባለው የዜማ መጽሐፉ ዓመቱን እንደ ገበሬ ይከፍለዋል። በሰኔ መጨረሻ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዘመራል፤ ቀጥሎ ስለ መብረቅና ስለ ወንዞች። በነሐሴም፥ ጎተራው በሚጎድልበት ወራት፥ እግዚአብሔር ስለሚመግባቸው ስለ ቁራ ጫጩቶች ይዘመራል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ደግሞ የአበባ ጊዜ ነው። ያሬድ ዕድሜውን በስሜን ተራራ ፈጸመ፤ ዜማው ግን እስከ ዛሬ አለ።

እናንተ የጅግጅጋ ልጆች ሆይ፥ በሜዳችሁ ማሽላ የሚዘራውንና ከብት የሚያረባውን ሰው ተመልከቱ። ዝናብ ዘግይቶ ቡቃያው ቢደርቅበት ዳግመኛ ይዘራል እንጂ እርሻውን ጥሎ አይሄድም። ትምህርትም እንደ ዘር ነው። ዛሬ ያልገባችሁን ፊደል ነገ ደግማችሁ ቍጠሩ። መውደቅ አያሳፍርም፤ ወድቆ መቅረት ግን ይጎዳል።