ሌዊስ ሃይን፤ ካሜራውን ለሕፃናት ጠበቃ ያቆመ ሰው

ጠበቃ በችሎት ቆሞ ስለ ሌላው የሚናገር ሰው ነው። በአሜሪካ ግን በችሎት ሳይቆም፥ በፎቶግራፍ ብቻ ስለ ብዙ ሺህ ሕፃናት የተሟገተ አንድ ሰው ነበር። ስሙም ሌዊስ ሃይን ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃይን በ1874 ዓ.ም. በዊስኮንሲን ግዛት ኦሽኮሽ በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1892 አባቱ በአደጋ ስለ ሞተ፥ ገና በወጣትነቱ በቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሮ በቀን 13 ሰዓት፥ በሳምንት 6 ቀን ይሠራ ነበር። የሳምንቱም ደመወዝ 4 ዶላር ብቻ ነበር። ስለዚህ የፋብሪካን ድካም በወሬ ሳይሆን በገዛ ትከሻው ዐወቀው።

ይሁን እንጂ ትምህርቱን አልተወም። በቺካጎና በኒው ዮርክ ተምሮ መምህር ሆነ። በኒው ዮርክ ሲያስተምርም ካሜራን ለትምህርት መሣሪያ እንዲያደርገው ስለ ተጠየቀ ፎቶግራፍ ማንሣትን በዚያው ለመደ። ከ1904 ጀምሮም ወደ ኤሊስ ደሴት እየሄደ ከባሕር ማዶ የሚመጡትን ስደተኞች አነሣ።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ የሕፃናት ጉልበት እጅግ ርካሽ ነበር። በ1900 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሆኗቸው በሥራ ላይ የተገኙት ልጆች ከ1,700,000 ይበልጡ ነበር። በ1908 ሃይን መምህርነቱን ትቶ፥ ይህን ነገር ለማስቀረት ከቆመው ብሔራዊ የሕፃናት ሥራ ኮሚቴ ጋር መሥራት ጀመረ። በካሮላይና የጥጥ መፍተያ ማሽን አጠገብ የቆሙትን ልጃገረዶች፥ በፔንሲልቫንያ ከድንጋይ ከሰል ውስጥ ድንጋይ የሚለቅሙትን ወንዶች ልጆች፥ በየከተማው ጋዜጣ የሚያዞሩትን ሁሉ አነሣ። ጨለማ በሆነበት ስፍራ የማግኒዚየም ዱቄት እያቀጣጠለ ብርሃን ይፈጥር ነበር።

የፋብሪካ ባለቤቶች ግን ሥራቸው እንዲታይባቸው አልወደዱም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የእሳት አደጋ ተቆጣጣሪ፥ ሌላ ጊዜ ፖስት ካርድ ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ሻጭ መስሎ ይገባ ነበር። እዚህ ላይ አንባቢ፥ እውነትን ለመግለጥ ማታለል ይገባልን ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሃይን ለመግባት ቢያታልልም፥ ይዞት በሚወጣው ነገር ግን ሐሰት እንዳይገኝበት እጅግ ይጠነቀቅ ነበር። ፎቶግራፍም ሊዋሽ እንደሚችል ያውቃልና። የልጁን ቁመት በኮቱ ቁልፎች ይለካል፤ ስሙን፥ ዕድሜውንና የሥራ ሰዓቱንም እጁን በኪሱ ሸሽጎ ይጽፋል። ባለ ፋብሪካዎች ነገሩን ሐሰት ነው ለማለት የተቸገሩት ስለዚህ ነው።

የፎቶግራፎቹ ፍሬ ግን ቶሎ አልደረሰም። በ1916 የሕፃናትን ሥራ የሚገድብ ሕግ ወጣ፤ በ1918 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረው። ጸንቶ የቆየው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። በዚህም ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካና በማዕድን እንዳይቀጠሩ፥ ለአደገኛ ሥራም 18 ዓመት እንዲሞላቸው ተደነገገ። ይህ ሁሉ የሃይን ብቻ ሥራ አይደለም፤ ብዙዎች ደክመውበታል። ሕዝቡ ነገሩን በዓይኑ እንዲያይ ያደረገው ግን በይበልጥ እርሱ ነው።

በ1930 የኤምፓየር ስቴት ሕንፃ ሲሠራ፥ ሃይን ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ ከሠራተኞቹ ጋር ከፍታው ላይ ወጥቶ አነሣቸው። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ የሚሰጠው እየጠፋ ሄደ። ቤቱንም አጣ። ስለ ሕፃናት የተሟገተለት ሕግ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፥ በኅዳር ወር 1940፥ በድህነት ሞተ። ዛሬ ለኮሚቴው ያነሣቸው ከ5,000 በላይ ፎቶግራፎች በአሜሪካ ኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ።

ዛሬ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ በብዙዎቻችን ኪስ አለ። በሃይን ኪስ የነበረው ማስታወሻ ግን በጥቂቶች ዘንድ ብቻ ይገኛል። በዓለም ላይ ከትምህርት ይልቅ በሥራ የሚውሉ ሕፃናት ዛሬም ብዙ ናቸውና፥ አይተን ከማለፍ ይልቅ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ጠይቀን እውነቱን ማወቅ ለእኛ ለተማሪዎች የተተወ ሥራ ነው።