ከቡሹሎው ጉድጓድ እስከ ሙሴ ኢልግ



በተመረቅኩ በዓመቱ ቡሹሎ ላይ፣ ከሐዋሳ ሐይቅ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አነስተኛ ሕንጻ እንድቆጣጠር ተመደብኩ። ፕላኑን ይዣለሁ፤ የሥራ ፕሮግራሙንም ራሴ አውጥቻለሁ። መሠረት ማስቆፈር በጀመርን በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ውኃ ሞላ። ፎርማናችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ የሰፈሩ የውኃ ጉድጓድ ስንት ሜትር ላይ ውኃ እንደሚያወጣ ጎረቤት ጠይቄ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልጠየቅኩም። ለፓምፕ የያዝኩት ቀንም ብርም የለ። የቀን ሠራተኛው ቁጭ አለ፣ ሒሳቡ ግን ይቆጥራል። ያን ቀን ዲግሪዬ ቀለለችብኝ።

በዚያው ሰሞን ነው የአልፍሬድ ኢልግን ታሪክ ያነበብኩት፤ አባቶቻችን ሙሴ ኢልግ የሚሉት። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ በ1854 ስዊዘርላንድ ውስጥ ተወለደ። ዙሪክ ፖሊቴክኒክ ገብቶ ምሕንድስና ተማረ። ያኔ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ባለሙያ ይፈልጉ ስለነበር፣ በ1878 ከአገሩ ተነሥቶ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር በ1879 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ።

የመጀመሪያው ትእዛዝ ግን ድልድይ አልነበረም። ንጉሡ ጫማ ሥራ አሉት። መሐንዲስ ነኝ ቢልም አልተላቀቀም፤ ሠርቶ አስረከበ። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዘ። ከውጭ ቢገዛ እንደሚረክስ አስረዳ፤ ንጉሡ ግን የፈለጉት እዚሁ መሠራት መቻሉን ማየት ነው። እሱንም ሠራ። ምኒልክ ዲፕሎማውን ሳይሆን እጁን ነበር የፈተኑት።

ከዚያ በኋላ ትልልቁ ሥራ መጣ። አዋሽ ላይ ድልድይ ሲሠራ ዕቃ የሚያቀርብ ሱቅ የለም፣ የሠለጠነ ሠራተኛም የለም። እንጨቱ በሰው ትከሻ ተጓጓዘ፤ ምስማሩና ብሎኑ በእጅ ተቀጠቀጠ። እንግዲህ ዕቃውን ማቀድ፣ ሰውን ማሰማራትና ሠራተኛውን እያሠሩ ማስተማር በአንድ ሰው ላይ ወደቀ ማለት ነው። ዛሬ የኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ብለን በየኮርሱ የከፋፈልነውን እሱ ባንድ ሳይት ላይ ተማረው። በ1890ዎቹም አዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ድረስ ውኃ በቧንቧ አስገባ፤ ውኃ ሽቅብ ይወጣል ብሎ ያመነ ጥቂት ነበር።

በ1894 ምኒልክ የባቡር ሐዲድ ሥራውን ፈቃድ ሰጡት። በ1897 የመንግሥት አማካሪ ሆነ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብና ፖለቲካ አጓተቱት። ኢልግ ወደ አገሩ ተመልሶ በጥር 1916 ዙሪክ ላይ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። አላየውም።

ኢልግ አንኮበር ከገባ ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1954፣ ኢትዮጵያና ስዊድን ተባብረው አዲስ አበባ ላይ ሕንጻ ኮሌጅን ከፈቱ። ሙያው ክፍል ውስጥ የሚሰጥ ትምህርት ሆነ። ጥሩ ነው፤ ኢልግም ቢሆን ፖሊቴክኒክ ባይማር ውኃውን ሽቅብ አያወጣም ነበር። ዳሩ ግን ክፍሉ ሲሰፋ ሳይቱ እየራቀ መጣ። ተማሪ የልምምድ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል፤ እኛ ማኅተም እንመታለን፤ ልጁ ሁለት ወር ቢሮ ተቀምጦ ይሄዳል። እኔም አድርጌዋለሁ። ሲመረቅ የሚጠብቀው የኔው ጉድጓድ ነው፤ ያውም ሕንጻው ትልቅ ከሆነ የሚጠፋው ብር ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለልጆቹ ጫማውን እዘዙላቸው። የሠራተኛ መቆጣጠሪያውን ይሙሉ፣ ሲሚንቶ ይረከቡ፣ ከፎርማን ጋር ይዋሉ። መምህራንም ውጤት ስትሰጡ ሪፖርቱን ብቻ ሳይሆን ፎርማኑንም ጠይቁ።

እኔ ዛሬ ልምምድ የሚመጣ ተማሪ ሲደርሰኝ ፕላን አላሳየውም። በመጀመሪያ ቀን ጎረቤት ልኬ የውኃ ጉድጓዱን ጥልቀት አስጠይቀዋለሁ።