አቀበቱን ወጥቶ የጻፈው ቄስ፤ የፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ታሪክ

ዛሬ ከጅቡቲ ከተማ በኤሌክትሪክ ባቡር ተሳፍሮ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለው ደጋ ለመውጣት አንድ ቀን ይበቃዋል። አቀበቱን የሚወጣው ባቡሩ ነውና ተጓዡ በመስኮት እያየ ያልፋል። ከአምስት መቶ ዓመታት በፊት ግን ጅቡቲ የምትባል ከተማ አልነበረችም፤ የተቆረቆረችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888 ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የዘይላ ወደብም በአዳል ሱልጣኖች እጅ ነበር። ስለዚህ ከአውሮፓ ወደ ኢትዮጵያ ንጉሥ ለሚላክ መልእክተኛ የነበረው በር ምጽዋ ነበረ። ከዚያም በኋላ ያለው መንገድ ሁሉ የእግርና የበቅሎ መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ከወጡት የውጭ አገር ሰዎች መካከል፣ ያየውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ለትውልድ ያስተላለፈው የመጀመሪያው ሰው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አልቫሬዝ የፖርቱጋል ንጉሥ የቀዳማዊ ማኑኤል ቄስ ነበረ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያን መንግሥት በሞግዚትነት ይመሩ የነበሩት እቴጌ እሌኒ፣ ማቴዎስ የተባለውን ሰው መልእክት አስይዘው ወደ ፖርቱጋል ልከውት ነበር። ማቴዎስ በሕንድ በኩል ዞሮ በ1514 ሊዝቦን ሲደርስ፣ ንጉሥ ማኑኤል በበኩሉ ዱዋርቴ ጋልቫኦ የተባለውን ሽማግሌ መልእክተኛ አድርጎ ሾመው፤ አልቫሬዝንም ከርሱ ጋር እንዲሄድ አዘዘው። መልእክቱ ግን ቶሎ አልተሳካም። ጋልቫኦ ከተሾመ በኋላ የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጥ በ1517 በቀይ ባሕር ውስጥ በምትገኘው በካማራን ደሴት ሞተ። ያው የፖርቱጋል መርከብ ጦርም በዚያው ዓመት ዘይላን አቃጥሎ ወደ ሕንድ ተመለሰ። አልቫሬዝ ሦስት ዓመት ያህል ከጠበቀ በኋላ፣ በሚያዝያ 1520 ከአዲሱ መልእክተኛ ከሮድሪጎ ዴ ሊማ ጋር ምጽዋ ላይ ወረደ። መንገድ ያውቃል ተብሎ የታመነበት ማቴዎስም ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በደብረ ቢዘን አካባቢ ዐረፈ። እንግዲህ መልእክተኞቹ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሳይኖራቸው፣ ክረምቱ ሲገባ ተራራውን መውጣት ግድ ሆነባቸው።

የጉዞው ዝግጅት እንዴት እንደ ነበረ አልቫሬዝ በሚገባ ገልጾታል። የአገሩ ሰው በክረምት ከቤቱ አይርቅም፤ ወንዝ ይሞላል፣ አፋፍ ይንሸራተታል፣ በቅሎም እግሯን ታጣለች። የሮድሪጎ ዴ ሊማ ሰዎች ግን ቀኑ እንዳያልፍባቸው ቸኩለው ተነሡ። ዕቃቸውን የሚሸከሙላቸው በንጉሡ ትእዛዝ የየአገሩ ባላገሮች ነበሩ፤ የአንዱ ወረዳ ሰዎች እስከ ወሰናቸው ያደርሱና ለሚቀጥለው ወረዳ ያስረክባሉ። ተቀባዮቹ ካልመጡ ዕቃው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ እንግዶቹም ቀናትን እየቆጠሩ ይጠብቃሉ። አንድ ቀን በደረቅ ወንዝ ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ዐርፈው ሳሉ፣ ከሩቅ ተራራ የዘነበው ዝናብ በድንገት ጎርፍ ሆኖ መጣባቸው። ነፍሳቸውን አዳኑ፤ ከዕቃቸው ግን ጎርፉ የወሰደው አለ። ከራሳቸው በላይ ያለው ሰማይ ብሩህ ስለ ነበር፣ አደጋው በማያዩት ስፍራ እንደሚዘጋጅ አላሰቡም ነበር። ተራራማ አገር የሚጓዝ ሰው ከላይ ያለውን ደመና ብቻ ሳይሆን የወንዙን ምንጭም ማሰብ እንዳለበት ያን ቀን ተማሩ።

ወደ ደቡብ ሲገፉ መንገዱ ይበልጥ ከፋ። በአማራና በሸዋ መካከል ያሉትን ገደሎች ሲያልፉ፣ የአገሩ ሰው አህያ ፈጅ ብሎ የሰየመውን መተላለፊያ አገኙ፤ አልቫሬዝም ስሙን በጆሮው እንደ ሰማው ጻፈው፣ ትርጓሜውንም ጨመረበት። ድንጋዩ የሚያዳልጥ፣ መውረጃውም የሚያስፈራ ነበር። ከዚህም ቀደም ብሎ ሌላ ፈተና ገጥሟቸው ነበር። በመንገድ ሲሄዱ ሳያስቡት ወደ አምባ ግሼን ጠጋ አሉ። አምባ ግሼን ለመንግሥት ይሠጋሉ የተባሉት የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት አምባ ነበርና፣ ጠባቂዎቹ እንግዶቹን በድንጋይ ተቀበሏቸው። አልቫሬዝ ስለ አምባው ስፋትና ስለ ውስጡ ኑሮ የሰማውን ጻፈ፤ በዐይኑ ያየውንም ለይቶ ተናገረ። ዛሬ በያመቱ መስከረም 21 ቀን የግማደ መስቀሉን በዓል ለማክበር ምእመናን ያን አቀበት በእግራቸው ይወጡታል። አልቫሬዝ ግን ከእግሩ ሥር ተመለሰ።

መልእክተኞቹ በጥቅምት 1520 ከዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ገና ወጣት ነበሩ። እንግዶቹን ወዲያው አላቀረቧቸውም፤ በመልእክተኛ ጥያቄ እየላኩ ብዙ ቀን አቆዩአቸው። በመጨረሻ ሲያነጋግሯቸው፣ ከሁሉ ይልቅ የቄሱ መልስ ደስ አሰኛቸው። ስለ ቅዳሴው፣ ስለ ልብሰ ተክህኖው፣ ስለ ሮማ ቤተ ክርስቲያን ሥርዐት ደጋግመው ጠየቁት፤ እርሱም የሚያውቀውን መለሰ። ሮድሪጎ ዴ ሊማ ከራሱ ሰዎች ጋር በተጣላ ጊዜም አስታራቂ ሆኖ የደከመው አልቫሬዝ ነበር። በዚያው ሰፈር ከብዙ ዓመታት በፊት መጥቶ እንዳይመለስ የተከለከለውን ፖርቱጋላዊ ፔሮ ዳ ኮቪልያን አገኘው፤ ስለ አገሩም ብዙ ነገር ከርሱ ተማረ።

መርከብ ቶሎ ስላልመጣላቸው የመልእክተኞቹ ቆይታ ወደ ስድስት ዓመት ተራዘመ። ሌላው ሰው ይህን ጊዜ በማማረር ሲያሳልፈው፣ አልቫሬዝ ለማየት ተጠቀመበት። ወደ ላስታ ተራሮች ወጥቶ በዋሻ ውስጥ የተሠራችውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ተመለከተ። ከዚያም ወደ ላሊበላ ሄዶ ከዐለት የተፈለፈሉትን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ ዞረ። ርዝመታቸውንና ስፋታቸውን በስንዝር ለካ፤ ዐምዶቻቸውን ቈጠረ፤ መስኮቶቻቸውንና መግቢያዎቻቸውን መዘገበ፤ የንጉሥ ላሊበላ መቃብር በጎልጎታ መሆኑን ጻፈ። ሥራው ስንት ዓመት እንደ ፈጀ ከካህናቱ የሰማውን ግን ሰማሁ ብሎ ጻፈ እንጂ የራሱ ዕውቀት አላደረገውም። ይህን ሁሉ ሲጽፍ አንድ ነገር ያሠጋው ነበር፤ ይኸውም በአገሩ የሚያምነው ሰው እንዳይጠፋ ነው። ስለዚህ የጻፈው እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋገጠ፤ ይዋሻል እንዳይባልም ከዚያ የበለጠ መጻፍ ተወ።

በሚያዝያ 1526 ከምጽዋ በመርከብ ተነሣ፤ በሚቀጥለውም ዓመት ሊዝቦን ገባ። የኢትዮጵያው መልእክተኛ ጸጋ ዘአብም አብሮት ነበር። በ1533 መጀመሪያ የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤ በቦሎኛ ከተማ ለሮማው ጳጳስ ለሰባተኛው ክሌሜንጦስ አቀረበ። የጉዞው መጽሐፍ በሊዝቦን ታትሞ የወጣው በ1540 ነው።

ነገር ግን መጽሐፉ ሲታተም፣ የተጻፈለት አገር እንደ ተጻፈው አልነበረም። በ1529 በሽምብራ ኩሬ ጦርነት የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በኢማም አሕመድ ድል ሆነ። በ1531 አልቫሬዝ በዐይኑ አይቶ ያደነቀው ታላቁ የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ። እርሱን በድንጋይ የመለሰው አምባ ግሼንም በ1540 በጠላት እጅ ወደቀ። ዐፄ ልብነ ድንግል ከተራራ ወደ ተራራ ሲሸሹ ኖረው፣ በዚያው በ1540 በገመድ ብቻ በሚወጣበት በደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት የወጣው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። እንግዲህ የላሊበላ ዐለት ጸንቶ ቢቆምም፣ መካነ ሥላሴን ሳትቃጠል፣ ቤተ መንግሥቱንም ሰፈሩ ሳይበተን ለማየት የሚሻ ሰው፣ አልቫሬዝ ከጻፈው ምስክርነት የሚተካከል አያገኝም።

ይህ ምስክርነት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመረዳት፣ በሌላው የዓለም ዳርቻ የሆነውን ማነጻጸር ይገባል። በፔሩ ተራሮች ላይ፣ ወደ 2,430 ሜትር ከፍታ፣ የኢንካ ነገሥታት በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ማቹ ፒቹ የተባለውን ሥፍራ ሠርተው ነበር። እስፓኞች በ1532 ያን መንግሥት ሲያፈርሱ፣ ሥፍራው በሕይወት ሳለ አቀበቱን ወጥቶ የጻፈለት ሰው አልተገኘም። በሐምሌ 1911 አሜሪካዊው የታሪክ መምህር ሃይራም ቢንግሃም፣ መልቾር አርቴጋ የተባለ የአገሩ ገበሬ እየመራው ያን ቀጥ ያለ አቀበት ወጣ። በዚያም ድንጋዩን አገኘ፤ ባላገሮች እያረሱበትም ይኖሩ ነበር፤ የሠሩት ሰዎች ግን አልነበሩም። ስለዚህ መገመት ግድ ሆነበት፤ የኢንካዎች የመጨረሻ መጠጊያ የሆነችው ከተማ ይህች ናት ብሎም አመነ፤ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ግን ያቺ ከተማ ሌላ ቦታ መሆኗን አስረዱ። በላሊበላ ግን ቅዳሴው አልተቋረጠም፤ በዚያ ላይ የአልቫሬዝ ልክና ቍጥር አለ።

አልቫሬዝ ስሕተት የሌለበት ጸሓፊ አልነበረም። የቦታ ስሞችን አጣሟል፤ የሩቁን መንገድ ርቀትም አንዳንድ ጊዜ አሳስቷል። ኢትዮጵያን ያየውም በእንግዳ ዐይን ነው። ነገር ግን ቦታው ድረስ ሄደ፤ ያየውን ከሰማው ለየ፤ የለካውን ጻፈ። ተማሪዎቹን ይዞ ወደ አሸተን ማርያም ወይም ወደ ግሼን ለመውጣት የሚያስብ መምህር፣ ከስንቁና ከውሃው ጋር ደብተርና መለኪያ ገመድ ቢያስይዛቸው፣ ይህ ቄስ የጀመረውን ሥራ የአገሩ ልጆች ይቀጥሉታል።