ሩዶልፍ ዲዝል፤ ስሙ በሞተር ላይ የቀረ መሐንዲስ

ስማቸው ከሥራቸው ጋር ተጣብቆ የራሳቸው ታሪክ የተረሳ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በጋራዥ፣ በወደብ፣ በእርሻ ቦታና በመብራት ማመንጫ ቤት ስሙ በየቀኑ ይነሣል፤ ሆኖም የሚነሣው ሞተሩ እንጂ ሰውየው አይደለም። ለሙያ ባልደረቦቻችን ግን የሰውየው ታሪክ ከሞተሩ ታሪክ ያላነሰ ትምህርት ያለው መሆኑን ስለምናምን፣ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ሕይወቱን ባጭሩ ለመተረክ ተነሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የናፍጣ ሞተር ያለው ሰው ሁሉ የሞተሩን ጠባይ የማወቅ ግዴታ አለበት ቢባል፣ ይህ ግዴታ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው መኝታውንና ማድቤቱን በመኪናው ላይ አድርጎ አገር ላገር በሚዞር ሰው ላይ ነው። የእንዲህ ያለው ሰው ሞተር በመንገድ ላይ ሲቆም መኪናው ብቻ ሳይሆን ቤቱም አብሮ ይቆማል። መካኒክ በሌለበት ስፍራ ሞተሩ ለምን እንደማይነሣ፣ ጭሱ ለምን እንደ ጠቆረ፣ ጉልበቱ ለምን እንደ ደከመ ራሱ መርምሮ መረዳት ይኖርበታል። እነዚህን ጥያቄዎች ከማንም አስቀድሞ የጠየቀው ዲዝል ራሱ ነው፤ መልሱን ለማግኘትም አራት ዓመት ያህል ፈጅቶበታል።

ዲዝል ማርች 18 ቀን 1858 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቱ ቴዎዶር የአውግስቡርግ ሰው ሲሆን፣ መጻሕፍት በመጠረዝና የቆዳ ዕቃ በመሥራት ይተዳደር ነበር፤ እናቱ ኤሊዘ ደግሞ የኑረምበርግ ተወላጅ ነበረች። ኑሮአቸው ከእጅ ወደ አፍ ስለነበረ፣ ልጁ አባቱ የሠራውን ዕቃ ለደንበኞች እያደረሰ ቤተሰቡን ይረዳ ነበር። ጊዜ ባገኘ ቁጥርም የቆዩ መኪናዎች ወደሚታዩበት የፓሪስ የሥነ ጥበባትና የእጅ ሙያ ቤተ መዘክር ይመላለስ ነበር።

በ1870 በፈረንሳይና በፕሩሲያ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ በፓሪስ የሚኖሩ ጀርመኖች ከተማዋን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ። የዲዝል ቤተሰብም ወደ ለንደን ተሰደደ። እዚያም ኑሮ ስላልተቃናላቸው፣ ወላጆቹ የ12 ዓመቱን ልጅ በአውግስቡርግ የሒሳብ መምህር ወደሆነው ዘመዳቸው ሰደዱት። ልጁ ከወላጆቹ ተለይቶ በሰው ቤት ማደጉ ቢከብደውም፣ ትምህርቱን አጥብቆ ያዘ። ገና በ14 ዓመቱ መሐንዲስ ለመሆን መቁረጡን ለወላጆቹ ጻፈላቸው። በ1873 ትምህርት ቤቱን ከክፍሉ አንደኛ ሆኖ ፈጸመ፤ በ1875ም ወላጆቹ ሥራ ይዞ እንዲረዳቸው ቢፈልጉም፣ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ሙኒክ ፖሊቴክኒክ ገባ።

የዲዝልን ዕድል የወሰነው በሙኒክ የሰማው አንድ ትምህርት ነበር። የማቀዝቀዣ መኪና ሊቅ የነበረው ፕሮፌሰር ካርል ፎን ሊንደ ስለ ሙቀት ኃይል ሲያስተምር፣ በዘመኑ የነበረው የእንፋሎት ሞተር ከነዳጁ ሙቀት ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከ6 እስከ 10 በመቶ ብቻ መሆኑንና የቀረው በከንቱ እንደሚባክን አስረዳ። ተማሪው ይህን በሰማ ጊዜ አሳቡ አላረፈም። በ1878 ከሚጠቀምበት ደብተር ጠርዝ ላይ፣ ይህን ብክነት ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ሊያጠና እንደሚገባው ማስታወሻ ጻፈ። ከዚያች ማስታወሻ እስከ መጀመሪያው የተሳካ ሞተር ድረስ 19 ዓመት ያህል አልፏል።

በ1879 የታይፎይድ በሽታ ስለያዘው ከጓደኞቹ ጋር ሊመረቅ አልቻለም። ፈተናውን እስኪወስድ ድረስ በስዊስ አገር ቪንተርቱር በሚገኘው የዙልትሰር ፋብሪካ ሠራ፤ በ1880 መጀመሪያ ላይም ፈተናውን በከፍተኛ ማዕርግ አለፈ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሊንደ በፓሪስ ያቋቋመው የበረዶ ፋብሪካ ተቀጥሮ ብዙ ሳይቆይ ኃላፊ ሆነ። በ1883 ማርታ ፍላሸን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለደ። ቀን በማቀዝቀዣ ሥራ እየዋለ፣ በትርፍ ጊዜው በአሞንያ ተን የሚሠራ ሞተር ለመፍጠር ብዙ ዓመት ደከመ፤ ነገር ግን አልሠመረለትም። በ1890 ወደ በርሊን ሲዛወር ይህን አሳብ ትቶ ወደ ሌላ ተሻገረ።

አዲሱ አሳብ ለማስረዳት ቀላል፣ ለመሥራት ግን እጅግ ከባድ ነበር። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው ሁሉ አየር ሲታመቅ እንደሚሞቅ ያውቃል። ዲዝልም ንጹሕ አየር በሲሊንደር ውስጥ በጣም ከታመቀ ሙቀቱ እየጨመረ ሄዶ፣ ነዳጅ በተረጨበት ጊዜ ያለ ካንዴላ በራሱ ሊያቀጣጥለው እንደሚችል ተረዳ። በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ በ1893 በቁጥር 67207 ተፈቀደለት። በዚያው ዓመት አሳቡን የሚያብራራ መጽሐፍ አሳተመ። በወረቀት ላይ የነበረው ሞተር የአየሩ ግፊት 250 አትሞስፌር የሚደርስና ማቀዝቀዣ ውሃ የማያስፈልገው ነበር። እንዲህ ያለውን ሞተር የሚሸከም ብረትም ሆነ የሚሠራ የእጅ ጥበብ በዚያን ጊዜ አልነበረም።

የአውግስቡርግ መኪና ፋብሪካ ኃላፊ ሃይንሪሕ ቡትስ አሳቡን ከመረመረ በኋላ፣ ግፊቱ ዝቅ ተደርጎ እንዲሞከር ተስማማ፤ የክሩፕ ኩባንያም በገንዘብ ተባበረ። ኦገስት 10 ቀን 1893 የመጀመሪያው ሞተር በፋብሪካው ቀበቶ እየተጎተተ ሲሞከር ነዳጁ ተቀጣጠለ። ነገር ግን ግፊቱ በድንገት ወደ 80 አትሞስፌር ስለ ወጣ፣ ግፊቱን የሚለካው መሣሪያ ተሰባብሮ ስብርባሪው በሰዎቹ አጠገብ አለፈ። ሞተሩ በራሱ አንድ ዙር እንኳ ባይዞርም፣ አየር ሲታመቅ ነዳጅ የሚያቀጣጥል መሆኑ ግን በዚያ ቀን ተረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ የተሠራው ሥራ ዛሬ ብልሽት ፍለጋ ከምንለው የተለየ አልነበረም። ዲዝል እያንዳንዱን ሙከራ በመዝገብ ያሰፍር ነበር። በፒስተኑ ዙሪያ አየር ያመልጣል፤ ቫልቭ በደንብ አይገጥምም፤ የነዳጁ መርጫ ይደፈናል ወይም ያንጠባጥባል፤ ጭስ ይበዛል። እሱም አንዱን ክፍል ለውጦ ሌላውን ሳይነካ ይሞክራል፤ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ቢለወጥ በሽታው የቱ እንደነበረ እንደማይታወቅ ተረድቶት ነበር። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1894 ሞተሩ በደቂቃ 88 ዙር እየዞረ ለአንድ ደቂቃ ያህል በራሱ ጉልበት ሠራ። ይህን አስቀድሞ ያስተዋለው መሐንዲሱ ሳይሆን አጠገቡ የቆመው መካኒክ ነበር። ቀበቶው ሞተሩን መጎተቱን ትቶ በሞተሩ መጎተት መጀመሩን አይቶ፣ ምንም ሳይናገር ቆቡን አወለቀ ይባላል።

የመጨረሻው ድል የመጣው ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ሞተሩ ውሃ የሚዞርበት ማቀዝቀዣ ተበጀለት፤ ነዳጁም በታመቀ አየር እየተነፋ እንዲረጭ ተደረገ። በዚህ ሥራ ኢማኑኤል ላውስተር የተባለው ወጣት መሐንዲስ ትልቅ ድርሻ ነበረው። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትስ ሽሮተር ከሙኒክ መጥቶ ሞተሩን ሲመረምር፣ በደቂቃ 154 ዙር እየዞረ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት የሚጠጋ ኃይል ሰጠ፤ ከነዳጁ ሙቀትም 26.2 በመቶው ወደ ሥራ መለወጡ ታወቀ። ተማሪው በሙኒክ የሰማው የብክነት ታሪክ በዚህ ተለወጠ።

ይሁንና የፈተና ቀን ድል የገበያ ድል አይደለም። በ1898 የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ 60 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በኬምፕተን ከተማ በሚገኝ የክብሪት ፋብሪካ ተተከለ። የመሥራት ፈቃድ የገዙ ብዙ ኩባንያዎችም ሥዕሉን ይዘው ወደ ሥራ ገቡ። ብዙ ሳይቆይ ግን ሞተሮቹ በየቦታው ይቆሙ ጀመር። በአውግስቡርግ በፈጣሪው ዓይን ሥር የሚሠራው ሞተር፣ ጠባዩን በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ የማይታዘዝ ሆነ። በዲዝል ስም በአውግስቡርግ የተቋቋመው ልዩ ፋብሪካም ያወጣቸው ሞተሮች እየተመለሱበት ማምረቱን ለማቆም ተገደደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለሙያችን ከባድ ነው። የሠራው ሰው ካልቆመበት የማይሠራ መኪና ገና አላለቀም፤ መኪናውን አስረክቦ እውቀቱን ያላስረከበ መሐንዲስም ሥራውን አልፈጸመም።

ዲዝል ያኔ የታገላቸው ሦስት ነገሮች ዛሬም በመንገድ ላይ የቆመ ባለመኪና የሚታገላቸው ናቸው፤ እነሱም የአየሩ እመቃ፣ የነዳጁ ንጽሕናና የመርጫው ሁኔታ ናቸው። በብርድ ጧት ሞተሩ እየዞረ ካልተነሣና ነጭ ጭስ ካወጣ፣ ነዳጁ ሳይቃጠል መውጣቱን ያመለክታል። ስለዚህ ባለቤቱ ውድ የሆነውን ፖምፓ ከመጠርጠሩ በፊት የባትሪውን ጉልበትና የካንዴሌታዎቹን መሞቅ ይመርምር። ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ወይም አየር ማነሱን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። ለብዙ ጊዜ በቆመ መኪና ጋን ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ስለሆነም ማጣሪያውን በጊዜው መለወጥና በሥሩ የተጠራቀመውን ውሃ ማፍሰስ የጉዞ መጀመሪያ ሊሆን ይገባል። አየር ወደ ነዳጅ ቧንቧ ከገባም ሞተሩ ይቆማል፤ እስኪወጣለትም ድረስ አይነሣም። በድሮ ሞተር ላይ መካኒኩ ቧንቧውን ላላ እያደረገ አየሩን ያስወጣ ነበር። በአሁኑ ዘመን ሞተር ግን የመርጫው ግፊት ከ1000 አልፎ እስከ 2000 አትሞስፌር ስለሚደርስ፣ ሞተሩ እየሠራ የከፍተኛ ግፊቱን ቧንቧ መፍታት ቆዳ ሰንጥቆ የሚገባ አደጋ ያመጣል። ባለቤቱ ሊሠራ የሚገባውን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ሊነካ የማይገባውንም ማወቅ አለበት።

ዲዝል ሞተሩ በመንገድ ላይ ሲሮጥ ለማየት አልታደለም። ነዳጁን የሚነፋው የአየር መጭመቂያ ከባድ ስለነበረ፣ በሕይወቱ ዘመን ሞተሩ የፋብሪካና የመርከብ ሆኖ ቆየ። በ1912 ሴላንዲያ የተባለችው የዴንማርክ መርከብ በዚህ ሞተር ውቅያኖስ ተሻገረች። በናፍጣ የሚሠሩ የጭነት መኪናዎች ለገበያ የቀረቡት በ1923 እና በ1924 ሲሆን፣ የቦሽ ኩባንያ በ1927 በብዛት ማውጣት የጀመረው የመርጫ ፖምፓ መንገዱን ጠረገላቸው። በ1936 ደግሞ መርሴዲስ 260 ዲ የተባለው የቤት መኪና ወጣ። በአገራችንም ትሬንታ ኳትሮ እየተባለ የሚታወሰው ፊያት 634 የናፍጣ ሞተር የተገጠመለት ነበር።

ሞተሩ እየጠነከረ ሲሄድ ባለቤቱ እየደከመ ሄደ። በ1897 የአሜሪካን መብት ለአዶልፈስ ቡሽ በአንድ ሚልዮን ማርክ ሸጦ ሀብታም ቢሆንም፣ በ1898 ከሥራ ብዛት የተነሣ ታሞ ማረፊያ ቤት ገባ። የፈጠራ መብቱን የሚክዱ ተከራካሪዎች ተነሡበት፤ የተሠራው ሞተር በመጽሐፉ ከተጻፈው የተለየ ነው እያሉ የነቀፉትም ነበሩ። በሙኒክ ትልቅ ቤት ሠራ፤ ገንዘቡን በመሬት ንግድና በነዳጅ ጉድጓድ ላይ አውሎ ከሰረ። በ1903 ስለ ሠራተኞች መተባበር የጻፈው መጽሐፍም ገዥ አላገኘም። በሙከራ ቤት እያንዳንዱን ጉድለት በመዝገብ የሚያሰፍረው ሰው፣ የራሱን ቤት ኪሣራ ግን ለቅርብ ቤተሰቡ እንኳ ደብቆ ኖረ።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 በእንግሊዝ አገር ለሥራ ስብሰባ ለመገኘት ድሬስደን በተባለች መርከብ ከአንትወርፕ ተሳፈረ። ከባልደረቦቹ ጋር እራቱን በልቶ፣ በማለዳ እንዲቀሰቅሱት ነግሮ ወደ ክፍሉ ገባ። በነጋታው አልጋው ያልተተኛበት ሆኖ ተገኘ፤ ባርኔጣውና ካፖርቱ በመርከቡ ጠርዝ አጠገብ ነበሩ። ከ10 ቀን ያህል በኋላ አንዲት የሆላንድ ጀልባ በባሕር ላይ አስከሬን አገኘች፤ መርከበኞቹ በኪሱ የነበሩትን ዕቃዎች ይዘው አስከሬኑን ለባሕር መለሱት። ልጁ ኦይገን ዕቃዎቹ የአባቱ መሆናቸውን አረጋገጠ። የአሟሟቱን ምክንያት በሚመለከት ብዙ ተወርቷል፤ ታሪኩን ያጠኑት አብዛኞቹ ግን ዕዳውንና የቤተሰቡን ባዶ ሒሳብ አይተው፣ ራሱን ወደ ባሕር ሳይጥል አይቀርም ወደሚለው ያዘነብላሉ።

ዲዝል 55 ዓመት ብቻ ኖሮ ሞተ። ያወረሰን ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የአሠራር ልማዱንም ነው፤ ይኸውም ጉድለትን ሳይሸሽጉ መመዝገብ፣ አንድ በአንድ መመርመርና ምክንያቱ ሳይታወቅ ዕቃ አለመለወጥ ነው። ይህ ልማድ በራሱ ኑሮ ላይ ሳይደርስ መቅረቱ ያሳዝናል። ባልደረቦቻችን ከዚህ ሁለት ነገር እንዲይዙ እንመኛለን። የመጀመሪያው፣ ለባለመኪናው ከተጠገነው ሞተር ጋር የብልሽቱን ምክንያትም አብሮ ማስረከብ ነው። ሁለተኛው፣ ጭሱን አይተን የሞተርን በሽታ እንደምናውቅ ሁሉ፣ አጠገባችን የሚሠራው ባልደረባ ዝም ብሎ ሲደክም ቆም ብለን መጠየቅ ነው።