ድንጋይ ያነበቡ ካህን፦ የአባ አንሪ ብረይ ሕይወት

በትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ ወጣቶች ደጋግመው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች አንዱ፣ በትምህርት ቤት ስለ ሰው ልጅ ጥንታዊነት የሚማሩት ነገር ከኦሪት ዘፍጥረት ጋር እንዴት እንደሚታረቅ ነው። ጥያቄውን በቁጣ መመለስም ሆነ ማድበስበስ ማንንም አልጠቀመም። ስለዚህ መላ ዕድሜያቸውን የጥንት ሰው ጠርቦ የተዋቸውን ድንጋዮች በመመርመር ያሳለፉትን፣ በሀገራችንም ምድር የቈፈሩትን ፈረንሳዊ ካህን ለውድ አንባብያን ማስተዋወቅ ወደድን። (ዓመታቱ ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

አባ አንሪ ብረይ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1877 በኖርማንዲ፣ ሞርተን በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሕግ ሰው ነበሩ። ልጁ ግን ገና ከሕፃንነቱ ነፍሳትን መሰብሰብ የሚወድ ነበር። በፓሪስ አጠገብ በኢሲ ዘርአ ክህነት ሲማሩ የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራቸው አባ ጊቤር ይህን ዝንባሌያቸውን አይተው ወደ ጥንታዊ ሰው ጥናት አመለከቷቸው። በ1900 ማዕረገ ክህነትን ተቀበሉ፤ ጳጳሳቸውም ከቁምስና አገልግሎት ነጻ ሆነው በምርምር እንዲተጉ ፈቀዱላቸው። ካህን በጠፋበት ሀገረ ስብከት እንዲህ ያለ ፈቃድ ቢሰጥ ስንቱ ባጕረመረመ!

በ1901 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በሁለት ዋሻዎች የጥንት ሥዕሎችን አገኙ፤ ስማቸውም ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ለእኛ ጕዳይ ግን ከሥዕሎቹ ይልቅ በ1910 ያሳተሙት አጭር ጥናት ይበልጥብናል። በዚያ ዘመን አንዳንድ ሊቃውንት ከእጅግ ጥንታዊ የመሬት ንብርብር የወጡ ስለታም ድንጋዮችን እያሳዩ የሰው እጅ ሥራ ናቸው ይሉ ነበር። አባ ብረይ ሰው ጨርሶ ሊኖር በማይችልበት ዘመን ንብርብር ውስጥ ተመሳሳይ ድንጋዮች መኖራቸውን አሳዩ፤ ፍላጮቹም ከተሰበሩበት ድንጋይ ጎን እንዳሉ ተገኙ። የሰበራቸው የመሬቱ ክብደት እንጂ ሰው አልነበረም። አንድ ካህን የሰውን ጥንታዊነት ለመካድ ሳይሆን ማስረጃውን ለማጥራት እንዲህ መድከሙ ሊደነቅ ይገባዋል።

ታዲያ የሰው እጅ በምን ይታወቃል? ጠራቢው በአንድ እጁ ባልጩቱን፣ በሌላው ክብ የወንዝ ድንጋይ ይይዛል። የሚመታው የትም አይደለም፤ ጠርዙ ከቀጥተኛ ማዕዘን የጠበበ ሆኖ ባገኘው ስፍራ፣ ከዳሩ ጥቂት ገባ ብሎ ነው። ምቱ በትክክል ካረፈ ቀጭን ስለታም ፍላጭ ይላቀቃል፤ በፍላጩም ላይ ከተመታው ነጥብ ሥር ትንሽ እብጠት ትቀራለች። ከዚያ ድንጋዩን አዙሮ፣ የፊተኛው ምት በተወው ገጽ ላይ ደግሞ ይመታል። ቅደም ተከተሉ አሳብን ያሳያል፤ የመሬት ጫና ግን ቦታ አይመርጥም። ይህ ሙያ ፈጽሞ የጠፋም አይደለም። በደቡብ ሀገራችን በኮንሶና በጋሞ አካባቢ ከድንጋይ በጠረቡት መፋቂያ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች እስከ ዘመናችን ድረስ አሉ። ጎረቤቶቻቸው የሚንቋቸው እነዚህ ባለሙያዎች ለሊቃውንቱ መምህራን መሆናቸውን ልብ ይሏል።

አባ ብረይ በ1929 በፓሪስ በኮሌዥ ደ ፍራንስ የጥንታዊ ሰው ታሪክ መምህር ሆኑ። በዚያው ዓመት ወዳጃቸው የኢየሱሳውያኑ ካህን አባ ቴያር ደ ሻርዳን ከአንሪ ደ ሞንፍሬ ጋር በድሬዳዋ አጠገብ ጃርት ዋሻ ተብሎ የተሰየመውን ስፍራ አገኙ። በ1931 አባ ብረይ ወደ ቻይና ተጉዘው በፔኪን አቅራቢያ ከተገኘው ጥንታዊ ሰው ጋር የድንጋይ መሣሪያና የእሳት ምልክት መኖሩን አረጋገጡ። በ1933 ደግሞ ከጳውሎስ ቬርኔር ጋር ወደ ድሬዳዋ መጡ። በዋሻው ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያላቸው የተሳሉ ጫፎችና የሰው መንጋጋ ስባሪ ተገኘ፤ በሐረር አካባቢ ዐለቶች ላይ ያሉትንም ሥዕሎች ገልብጠው በ1934 አሳተሙ። ከዚሁ ዋሻ ከወጡት መካከል ከ4,000 የሚበልጡ፣ ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ የቀይ አፈር ቍራጮች በ2017 በታተመ ጥናት ተመርምረው ዕድሜያቸው ወደ 40,000 ዓመት ተገምቷል።

ስሕተት አልነበረባቸውም ማለት አይደለም። በናሚቢያ በብራንድበርግ ተራራ የሚገኘውን አንድ የዐለት ሥዕል ከሜዲትራኒያን የመጣች ነጭ ሴት ናት ብለው ተከራከሩ፤ በኋላ የመጡ መርማሪዎች ግን አፍሪቃዊ ወንድ መሆኑን አስረዱ። ድንጋዩን ያለ አድልዎ ያነበቡ ዓይኖች ሥዕሉን ሲያዩ በዘመናቸው ትምክህት ተጋረዱ፤ እኛ አፍሪቃውያን ይህን በዝምታ ልናልፈው አንችልም።

ስለ ሃይማኖትና ስለ ሳይንስ ግንኙነት ከአባ ቴያር እጅግ ያነሰ ጻፉ። አባ ቴያር የፍልስፍና ድርሳኖቻቸውን በሕይወት ሳሉ እንዳያሳትሙ ተከልክለው ነበርና፣ የጓደኛቸው ዝምታ ከጥንቃቄ የመጣ ይመስለናል፤ ለመምህራን ግን ጥቂት ቢናገሩ በጠቀሙን ነበር። በ1950 ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛ፣ ነፍስ በቀጥታ ከእግዚአብሔር መፈጠሯን አጽንተው፣ ስለ ሰው ሥጋ አመጣጥ ሊቃውንት እንዲመረምሩ ፈቀዱ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህር ከዚህ ሊነሣ ይችላል።

አባ ብረይ ኦገስት 14 ቀን 1961 በ84 ዓመታቸው ዐረፉ። በአፋር ጎና የተገኙትን፣ በዶክተር ስለሺ ሰማውና በባልደረቦቻቸው በ1997 ይፋ የሆኑትን የ2.6 ሚሊዮን ዓመት መሣሪያዎች ሳያዩ ቀሩ። በእኛም አካባቢ፣ ብዙዎች በኢየሱሳውያን ሕንፃ ፍርስራሽ በሚያውቋት በጎርጎራ፣ በጣና ዳርቻ ካለ የዐለት ጥግ የወጡትን የድንጋይ መሣሪያዎች ሉዊስ ሊኪ መርምረው በ1943 አሳትመዋል። በመተማ በኩል በሽንፋ ወንዝ ዳር ደግሞ የ74,000 ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ትናንሽ ስለቶች ከዓሣ አጥንት ጋር መገኘታቸው በ2024 ተገልጿል።