ውኃ የተከለከሉት የሕገ መንግሥት አርቃቂ

ቢምራኦ አምቤድካር እ.ኤ.አ በ1891 በማዕከላዊ ሕንድ፣ ምሆው በተባለች የጦር ሰፈር ከተማ ተወለዱ። ቤተሰባቸው የማይነኩ ተብለው ከተገለሉት የማሃር ወገኖች ነበር። በትምህርት ቤት የውኃውን ዕቃ መንካት ስለማይፈቀድላቸው ሌላ ሰው ከፍ አድርጎ ያንቆረቁርላቸው ነበር፤ የሚያንቆረቁር ሲጠፋ ተጠምተው ይውላሉ።

በኒውዮርክና በለንደን ምጣኔ ሀብትና ሕግ ተምረው ተመለሱ። እ.ኤ.አ በ1927 በማሃድ ከተማ ወገኖቻቸውን አስከትለው፣ ከተከለከሉት የሕዝብ ኩሬ በእጃቸው ጨልፈው ጠጡ።

ሕንድ ነጻ ስትወጣ የሕገ መንግሥት አርቃቂ ኮሚቴውን በሊቀመንበርነት መሩ። እ.ኤ.አ በ1950 የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ሰውን የማይነካ ብሎ ማግለልን ሻረ፤ በሕግ የሚያስቀጣ ወንጀልም አደረገው።

አምቤድካር እ.ኤ.አ በ1956 አረፉ። አድልዎው ከሕንድ መንደሮች ፈጽሞ ባይጠፋም፣ ከውኃ የተከለከለ ሰው አቤት የሚልበት ሕግ አለው።