ገብረ ክርስቶስ ደስታ

ገብረ ክርስቶስ ደስታ (1924 – 1973 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ሠዓሊ፣ ገጣሚና የሥነ ጥበብ መምህር ነበር። በኢትዮጵያ ረቂቅ ሥዕልን (አብስትራክት) በማስተዋወቅ ይታወቃል። ከእስክንድር ቦጎሲያን ጋር የዘመናዊው የኢትዮጵያ ሥዕል መሪ ተብሎ ይጠቀሳል። ሥዕል ታሪክ እንዲናገር በሚጠበቅበት አገር ቀለምን ራሱን የሥዕሉ ጉዳይ ማድረጉ ከሌሎች ይለየዋል።

ትውልድና ትምህርት

ገብረ ክርስቶስ የተወለደው በሐረር ከተማ ነው። አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍት ጸሐፊ ነበሩ። እናቱን ገና በሕፃንነቱ አጣ።

የአባቱ ሙያ ለኋለኛው ሥራው ትንሽ ነገር አይደለም። በብራና መጻሕፍት ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፤ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስሞች ግን በቀይ ይወጣሉ። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ገጹን ገልጦ ሲያይ የከበረው ስም የቱ ጋ እንዳለ ያውቃል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም ቢሆን ብርሃንና ጥላን ሳይሆን ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴን ጎን ለጎን በማሳረፍ የሚሠራ ነው። ስለዚህ ቀለም የራሱ ትርጉም እንዳለው ለማወቅ ገብረ ክርስቶስ አውሮፓ ድረስ መሄድ አላስፈለገውም ማለት ይቻላል።

ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያ ዘመን ከሐረር አካባቢ ወደ ዋና ከተማው የሚወስደው የታወቀ መንገድ ከድሬዳዋ ተነስቶ በአዋሽና በናዝሬት (አዳማ) የሚያልፈው ባቡር ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሳይንስ ለመማር ቢገባም ሳይጨርስ ተወው። ልቡ ሥዕል ላይ ነበር። አገሪቱ ግን ገና ሥዕል የሚያስተምር መደበኛ ትምህርት ቤት አልነበራትም። አቶ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ ተምረው ተመልሰው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ጊዜ ገብረ ክርስቶስ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ጀርመን ገብቷል።

ኮሎኝ

እ.ኤ.አ. ከ1957 እስከ 1961 በምዕራብ ጀርመን ኮሎኝ ከተማ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። ጊዜው በአጋጣሚ ለእንደ እሱ ዓይነት ተማሪ የተመቸ ነበር። ናዚዎች ዘመናዊ ሥዕልን የተበላሸ ጥበብ ብለው ከሙዚየም አውጥተው፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ሙኒክ ላይ ለመሳለቂያ አሳይተውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመኖች ያንኑ የተከለከለ ጥበብ መልሰው በክብር ሰቀሉት። ረቂቅ ሥዕል የነፃነት ምልክት እስከመሆን ደረሰ።

በጀርመን ትምህርት ቤቶች የሚወሳው የሥዕል ታሪክ በአጭሩ ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ላይ ማቲስና ጓደኞቹ ፊትን በአረንጓዴ፣ ዛፍን በቀይ ቀብተው ስላቀረቡ ተቺዎች አውሬዎች አሏቸው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሩሲያዊው ካንዲንስኪ ሙኒክ ተቀምጦ ፊቱንም ዛፉንም ተወና ቀለምና መስመርን ብቻ አስቀረ። ገብረ ክርስቶስ በተለይ ከዚህ ከጀርመኑ ወገን ብዙ ወስዷል፤ ስሜት ፈጦ የሚወጣበት፣ ደፋር የብሩሽ አጣጣል ያለበት ሥዕል ነው። በጥሩ ውጤት ተመርቆ በኮሎኝ ከተማ ብቻውን ኤግዚቢሽን ለማሳየት በቃ።

ሥራዎቹ በአዲስ አበባ

ወደ አገሩ እንደተመለሰ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መምህር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሥራዎቹን ለአዲስ አበባ ሕዝብ አቀረበ። ብዙ ተመልካች የጠበቀው የንግሥተ ሳባን ታሪክ፣ የዓድዋን ጦርነት ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስን ፈረስ ነበር። ገጽታ የሌለውን ሸራ ባየ ጊዜ ይህ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ የፈረንጅ ኩረጃ ነው ያለም ነበር።

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። የአገሩን ሰው የማያናግር ሥዕል ኢትዮጵያዊ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ የመጡትን ሠዓሊዎችም ተከትሏቸዋል። ነገር ግን ኩረጃ ነው የሚለው ክስ ሥዕሎቹን በቅርብ ላየ ሰው ብዙም አይጸናም። እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራው «ጎልጎታ» ለዚህ ዋናው ማስረጃ ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ስቅለት ነው፤ ከዚህ የበለጠ ለኢትዮጵያዊ ዓይን የተለመደ ሥዕል የለም። ገብረ ክርስቶስ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የሚታወቀውን ዝርዝር ቀንሶ ሕማሙን ለቀይ ቀለም ተወለት። ተመልካቹ ታሪኩን ከማንበቡ በፊት ደሙን ያያል። አባትየው ቅዱስ ስም ለመጻፍ የነከሩበት ቀይ ልጅየው ዘንድ ሸራውን ሞላው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. የ1966ቱ «አረንጓዴ አብስትራክት» ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሰውም ታሪክም የለበትም። አረንጓዴው በአረንጓዴ ላይ እየተደረበ፣ እየጠቆረና እየፈካ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሥዕል ከሩቅ ከማየት ይልቅ ጠጋ ብሎ ቀስ ብሎ ማየት ይሻላል። ሰው የሚታይባቸውን ሥራዎችም አልተወም፤ ረቂቅ ሥዕልን እንደ ሃይማኖት አልያዘውም።

የቀለሞቹ ባሕርይ ብሩህ ነው ብሎ መደምደም ግን ስህተት ነው። ገጣሚውና ሐያሲው ሰሎሞን ደሬሳ እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ባወጣው ጽሑፍ የገብረ ክርስቶስን ቀለም ጨፍጋጋነትና የቃላቱን ድግምት መሰልነት አንድ ላይ አንሥቷል። ቀዩም ሰማያዊውም ብዙ ጊዜ ከጥቁር ጋር ታግሎ የሚወጣ ነው፤ የፈረንሳዮቹ የቀለም ሠዓሊዎች የሚያሳዩት የባሕር ዳርቻ ደስታ እዚህ የለም።

እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅት የሥነ ጥበብ ሽልማቱን ሰጠው። ከእሱ በፊት በነበረው ዓመት አፈወርቅ ተክሌ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እስክንድር ቦጎሲያን ተሸልመዋል። ለገብረ ክርስቶስ የተሰጠበት ምክንያት ረቂቅ ሥዕልን በአገሩ ማስተዋወቁ ነበር፤ የተተቸበት ነገር ራሱ መሸለሚያው ሆነ። እስክንድር ከፓሪስ ተመልሶ በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ሲጀምር ሁለቱ ባንድ ጊዜ የማስተማር ዕድል አገኙ። ዘሪሁን የትምጌታና ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ የዚያ ዘመን ተማሪዎች ናቸው።

ግጥም

ገብረ ክርስቶስን በሥዕሉ ከሚያውቀው ይልቅ በግጥሙ የሚያውቀው ሰው ሳይበዛ አይቀርም። ከታወቁት መካከል «ሀገሬ»፣ «የጠፈር ባይተዋር» እና «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ይገኛሉ። በተለመደው የስንኝ ልክና ቤት አመታት አልታሰረም፤ አጭርና ረጅም ስንኝ እያፈራረቀ፣ ቃል እየደጋገመ ይጽፋል። ግጥሞቹም በቀለም የተሞሉ ናቸው። «ሀገሬ» በተማሪነቱ ባሕር ማዶ ሳለ የጻፈው የናፍቆት ግጥም ሲሆን እስከዛሬ በቃል ይነበነባል።

ስደት

ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ኪነ ጥበብ አብዮቱን እንዲያገለግል ተፈለገ። መልእክቱ ባንድ እይታ የማይገባ ሥዕል ለፖስተር አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረ ክርስቶስ አብዛኛውን ሥራውን ጥሎ ከአገር ወጣ። ጀርመን ከቆየ በኋላ በስደተኛነት ወደ አሜሪካ ሄደ፤ የተቀመጠውም ኦክላሆማ ግዛት ውስጥ፣ በፎርት ሲል የጦር ሠፈር አጠገብ ባለችው ላውተን ከተማ ነበር። ከኪነ ጥበብ ማዕከሎች የራቀች ቦታ ናት። በ1973 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1981) ገና 50 ዓመት ሳይሞላው እዚያው አረፈ።

ግጥሞቹ ከሞቱ በኋላ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ተሰብስበው ታትመዋል። ጀርመን አገር ተቀምጠው የነበሩ ሥዕሎቹ ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመለሱ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዩኒቨርሲቲው ሥር የተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል ተብሎ በስሙ ተሰይሟል። የሥነ ጥበብ ታሪክ ምሁሯ ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ የማዕከሉ ዳይሬክተር ሆነው ሠርተዋል። ማዕከሉ ስድስት ኪሎ አካባቢ የሚገኝ ሲሆን ከእሱ ሥራዎች በተጨማሪ የወጣት ሠዓሊዎችን ኤግዚቢሽን ያሳያል።